«ብሬክ» ሁሉ «ሰበረ» ነውን?
ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥና ስለ ዐማርኛ አቻዎቹ የቀረበ ትችት

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ወደ ላሊበላ ለመሄድ ከወልድያ ተነሥተን ስንጓዝ አውቶቡሳችን ጋሸና ላይ ቆመ። ጋሸና ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው መንገድና ወደ ላሊበላ የሚገነጠለው መንገድ የሚገናኙባት የደጋ ከተማ ናት። ወርደን ሻይ ስንጠጣ ጣራው ላይ ጭነቱ የታሰረበት ገመድ አንደኛው ጫፍ ተንጠልጥሎ ታየ። በውጭ አገር ያደገው ጓደኛችን ቀድሞ አይቶት ኖሮ ረዳቱን ጠርቶ «ገመዱ ተሰብሯል» ቢለው፥ ረዳቱ ሥቆ «ወንድሜ፥ ገመድ ይበጠሳል እንጂ የት አገር ይሰበራል?» አለና ወደ ጣራው ወጣ።

ነገሩ በሣቅ አለፈ። ጓደኛችን ግን ላሊበላ እስክንገባ ድረስ አልለቀቀንም። «በእንግሊዝኛ ዱላውም፥ ገመዱም፥ ብርጭቆውም፥ ቃልም፥ ሕግም፥ ጾምም አንድ ግሥ ይበቃቸዋል። ዐማርኛ ስለ ምን አልበቃውም? ስንቱን ቃል ልያዝ?» አለን። እኛም ልንመልስለት ስንሞክር ቃላቱን ሁሉ የምናውቅ፥ ምክንያታቸውን ግን የማናውቅ ሆነን ተገኘን። ይህች ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየች መልስ ናት። ከመልሱም ጋር አንድ ነቀፌታ አለን። ነቀፌታችን «ብሬክ» ማለት «ሰበረ» ነው እያለ በሁለቱ መካከል የእኩልነት ምልክት አኑሮ የሚያስተምረውን ልማድ፥ ይህም ልማድ በትምህርት ቤት፥ በመዝገበ ቃላትና በዜና ክፍል ያስከተለውን ጉዳት ይመለከታል።

፩. የእንግሊዝኛው ግሥ ጠባይ

«ብሬክ» በእንግሊዝኛ ከሕፃን አፍ የማይጠፋ ተራ ግሥ ነው፤ ፍችው ግን እጅግ ሰፊ ነው። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ዎርድኔት የተባለው የቃላት ማኅደር ለዚህ አንድ ግሥ ብቻ 59 ፍች ለያይቶ ቆጥሮለታል። ዱላ ለሁለት ሲሆን፥ ሰዓት መሥራቱን ሲያቆም፥ ሌባ ቤት ሲገባ፥ እስረኛ ሲያመልጥ፥ የጎረምሳ ድምፅ ሲጎረንን፥ ፈረስ ሲገራ፥ መቶ ብር ሲዘረዘር፥ ጎህ ሲቀድ፥ ጦርነት ሲነሣ ይኸው ግሥ አንዳንድ ጊዜ ብቻውን፥ አንዳንድ ጊዜም አንዲት ትንሽ መስተዋድድ አስከትሎ ያገለግላል። እኛም ተማሪዎች በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ያለችውን ዕረፍት «ብሬክ» ማለት ለምደናል። የመኪና ማቆሚያው ደግሞ በአጻጻፍ እንጂ በድምፅ የማይለይ ሌላ «ብሬክ» ነው፤ ደግነቱ እኛ እርሱን ከሌላ የውጭ ቋንቋ ወስደን «ፍሬን» ስላልነው ከዚህኛው ግራ መጋባት ድነናል።

እንግሊዝኛ ለዚህ ግሥ ተመሳሳይ ቃላት አጥቶ አይደለም። ቀጭን ነገር ቀጭ ሲል «ስናፕ»፥ ብርጭቆ ሲደቅ «ሻተር»፥ ሲሰነጠቅ «ክራክ»፥ ጠርዙ ሲሸረፍ «ቺፕ» ይላል። ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ ከ«ብሬክ» ጥላ ሥር የሚኖሩ ናቸው። ብርጭቆው «ሻተር» ከሆነ ያለ ጥርጥር «ብሬክ»ም ሆኗል፤ እርሳሱ «ስናፕ» ካለ «ብሬክ»ም ብሏል። አንዱ አባት፥ ሌሎቹ ልጆች ናቸው። ተማሪው የልጆቹን ስም ቢረሳ የአባቱን ስም ጠርቶ ሊያመልጥ ይችላል።

ሌላም ጠባይ አለው። ቻርልስ ፊልሞር የተባለው የቋንቋ ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ መምታትና ስለ መስበር ሰዋስው በጻፈው የታወቀ ጥናት እንዳመለከተው፥ የመምታት ግሥ ነገር ከነገር መነካካቱን ሲናገር የመስበር ግሥ የሚናገረው የነገሩን መለወጥ ነው። ከዚህም የተነሣ በእንግሊዝኛ «ሰውየው ዱላውን ሰበረ» የሚለውና «ዱላው ተሰበረ» የሚለው ያለ ምንም ቅጥያ በአንዱ ግሥ ይነገራሉ። በዐማርኛ ግን «ዱላው ሰበረ» ብሎ ማቆም አይቻልም፤ «ምንን?» ያሰኛል። ሰባሪው ካልተጠራ «ተ» ገብታ «ተሰበረ» ማለት ግድ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢው ይያዝልን፤ ስለ ዜና ስንናገር እንመለስበታለን።

፪. ዐማርኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው

ዐማርኛ ተናጋሪ ግሡን ከመምረጡ በፊት ሳይታወቀው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይኸውም «የተጎዳው ነገር አካሉ ምን ዓይነት ነው?» የሚል ነው። አንድ የደጋ ገበሬ ከማለዳ እስከ ማታ የሚደርስበትን እንመልከት። ሞፈሩ ይሰበራል። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያያይዘው ምራን ግን ይበጠሳል። የማሳው ካብ በጎርፍ ይናዳል። የዛፉ ቅርንጫፍ በነፋስ ይገነጠላል። ለምሳው የያዘው እንጀራ ይቆረሳል። ያደረውን መሬት መጀመሪያ ሲያርሰው ይገምሰዋል፤ ያልተገራችውንም በቅሎ ይገራታል። ከእነዚህ ሰባት አብዛኞቹን እንግሊዝኛ በ«ብሬክ» ይናገራቸዋል። በዐማርኛ ግን «ሰበረ» የደረሰው ለሞፈሩ ብቻ ነው። እንግሊዝኛም ቢሆን ወሰን የለውም አንልም፤ ልብስ ሲቀደድ እርሱም ሌላ ግሥ ይጠራል። የሁለቱ ልዩነት ወሰኑን የት እንደ ተከሉት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። የደቀቀ ብርጭቆ ተሰብሯል ማለት ይቻላል። የተበጠሰ ገመድ ተሰብሯል፥ የተቆረሰ እንጀራ ተሰብሯል፥ የተናደ ካብ ተሰብሯል ማለት ግን አይቻልም። እንግዲህ «በጠሰ»፥ «ቆረሰ»፥ «ናደ» ለ«ሰበረ» ልጆቹ አይደሉም፤ ድንበርተኞቹ ናቸው። በመማሪያ ክፍል «ተመሳሳይ ቃላት» ተብለው በአንድ ረድፍ የሚጻፉት በእውነቱ አንዱ በሌላው ማሳ የማይገባ ጎረቤቶች ናቸው። ጓደኛችን ጋሸና ላይ የተሳሳተው ቃል አጥቶ ሳይሆን፥ በእንግሊዝኛ እንደ ለመደው የአባቱን ስም ጠርቶ ለማምለጥ ስለ ሞከረ ነው። ዐማርኛ በዚህ ረድፍ አባት የለውም።

የወጌሻን ሥራ ያየ ሰው የዚህን ጥንቃቄ ጥቅም ያውቃል። ከገደል የወደቀ እረኛ ሲቀርብ ወጌሻው እጁን ዳስሶ ተሰብሯል፥ ተቀጭቷል፥ ወልቋል፥ ወይም ወለም ብሎታል ይላል። አጥንቱ ለሁለት መሆኑ፥ ቀጨት ብሎ መያያዙ፥ ከመጋጠሚያው መውጣቱ፥ ወይም ጅማቱ ብቻ መጎዳቱ በአራት ቃል ተለይቷል፤ ሕክምናውም እንደዚያው ይለያል። ከእኛ አንዱ ከዘመዱ ጋር ወደ አንድ ሐኪም ዘንድ ገብቶ «ተቀጨ» የሚለውን እንዲተረጉም ቢጠየቅ ቸኩሎ «ብሬክ» ብሎ አልፎታል፤ ራጅ እስኪነሣ ድረስም በሽተኛው ከሚገባው በላይ ደንግጧል። ጥፋቱ የተርጓሚው፥ ማለትም የእኛው ነበረ።

ወደ ላሊበላ የሄደ ሰውም ሌላ ምሳሌ ያገኛል። እነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የወጡ ናቸው፤ ነገር ግን አለቱ ተሰበረ የሚል የለም። ተፈለፈለ ይባላል፤ አብያተ ክርስቲያናቱም ውቅር ይባላሉ። «ወቀረ» ያች የወፍጮዋ ድንጋይ ልሙጥ ሆኖ አልፈጭ ያላት ሴት በመውቀሪያ የምትሠራው ሥራ ነው። የእጅ ሥራው አንድ ዓይነት በመሆኑ የባልቴቷ ወፍጮና ዓለም የሚያደንቀው ቤተ ጊዮርጊስ በአንድ ግሥ ተገናኝተዋል። ሰበረ ቢባል ኖሮ ድንጋዩ የጠፋ ይመስል ነበር፤ ወቀረ በመባሉ ድንጋዩ ሥራ እንደ ወጣው ታወቀ።

ይህ ሁሉ የጥንት ቅርስ ነው እንጂ ዛሬ የሚሠራ ሕግ አይደለም የሚል ቢኖር አዲሶቹን ዕቃዎች ይመልከት። እንስራ ይሰበራል፤ ስብርባሪውም ገል ይባላል። ዛሬ በብዙ ቤት እንስራን የተካው ቢጫው ጀሪካን ግን ይቀደዳል፥ ይበሳል፥ ወይም ይሰነጠቃል። ማንም መምህር ይህን አላስተማረም፤ ጀሪካን በመጣ ጊዜ ውኃ ቀጂዎቹ አካሉን አይተው ግሡን ሰጡት። እንዲሁም ዐውሎ ነፋስ በመታ ሌሊት የመብራት ምሰሶው ይሰበራል፥ ሽቦው ይበጠሳል፥ መብራቱ ይጠፋል፥ የስልኩ መስመር ይቋረጣል። ሕጉ እስከ ዛሬ ሕያው ነው ማለት ነው።

ሌሎች ሕዝቦችም በዚህ ጉዳይ ተመርምረዋል። አሲፋ ማጂድ፥ ጄምስ ቦስተርና ሜሊሳ ቦወርማን በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የ28 ልሳናት ተናጋሪዎች ነገር ሲቆረጥ፥ ሲሰበርና ሲቀደድ የሚያሳዩ 61 አጫጭር ፊልሞች እየተመለከቱ ያዩትን በቋንቋቸው እንዲናገሩ ተደርገዋል። ልሳናቱ ወሰኑን በተለያየ ስፍራ ቢተክሉም፥ ሁሉም የሚለኩበት ሚዛን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከሚዛኖቹም ዋነኛው ነገሩ የሚለያይበት ስፍራ አስቀድሞ የታወቀ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። በቢላዋ የሚቆረጥ ካሮት የት ላይ እንደሚለያይ ይታወቃል፤ በመዶሻ የተመታ ሳሕን ግን አይታወቅም። ዐማርኛ ከ28ቱ ውስጥ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ፈተና በገዛ አገራችን ለማድረግ ከፊልሞቹና ከትዕግሥት በቀር ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ስለ ሆነ፥ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልጉ ጓደኞቻችን እናሳስባለን።

እንግዲህ የ«ሰበረ» ማሳ የቱ ነው? እኛ እንደ ተረዳነው «ሰበረ» ደረቅ ሆኖ ጸንቶ ለቆመና አልታጠፍ ላለ ነገር የተመደበ ነው። አጥንት፥ ዱላ፥ ሞፈር፥ እንስራ፥ እንቁላል እንዲህ ናቸው። በምሳሌያዊ አነጋገር ሲሰፋም ይህን ጠባዩን ይዞ ይሰፋል። ቅስም ይሰበራል፤ የኮራ ነገር ነውና። ምሽግ ይሰበራል፤ አላሳልፍ ያለ ነገር ነውና። ገበያተኛ ዋጋ ይሰብራል፤ ዋጋው አልወርድ ብሎ ቆሞ ነበርና። ክብረ ወሰን ተሰበረ የሚለውም ከውጭ የመጣ አነጋገር ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ሳይደፈር የቆየ ነገር በመሆኑ ጆሮ አልጎረበጠውም።

፫. አካል የሌላቸው ነገሮች

ጾም፥ ሰንበት፥ ቃልና ሕግ አካል የላቸውም። ዐማርኛ ግን ለእነዚህም አካል ሰጥቶ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ በዚህም ስፍራ የግሡ ምርጫ የምግባር ፍርድ ይሆናል።

በእንግሊዝኛ ጾሙን በጊዜው የፈጸመውም ጾሙን ያፈረሰውም ሁለቱ «ብሬክ» አደረጉት ይባላል። በእኛ ዘንድ ጾም እንደ ቋጠሮ የታሰረ ነገር ነው፤ ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ ይፈታል። በልደት ዋዜማ ላሊበላ ላይ ቆሞ ያደረ ምዕመን ጾሙን ፈታ እንጂ ሰበረ አይባልም። ያለ ጊዜው የበላው ግን ጾሙን ሻረ ይባላል፤ «ገደፈ» የሚለውም እንደ ጊዜው ለሁለቱም ይነገራል። የወሎ ሙስሊም ጎረቤቱ በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ ያፈጥራል፤ በቀን የበላ ግን ጾሙን አፈረሰ። ትጉሁንና ደፋሩን በአንድ ግሥ የሚጠራ ተርጓሚ፥ ሳያስበው ሁለት ሰዎችን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ሰንበት ይሻራል። ሕግ እንደ አጥር ስለሚታይ ይጣሳል። ኪዳን እንደ ቤት የታነጸ ነውና ይፈርሳል። ቃል ግን ልብስ ይመስል ይታጠፋል፤ ሲብስም ባለቤቱ ራሱ ይበላዋል። እነዚህን ሁሉ «ሰበረ» ብሎ መተርጐም ስሕተት የሚሆነው ጆሮ ስለማይወደው ብቻ አይደለም። አጥሩን፥ ቤቱን፥ ቋጠሮውንና ልብሱን፥ ማለት ሕዝቡ ስለ ሕግና ስለ ቃል ያለውን አስተሳሰብ አብሮ ስለሚያጠፋ ነው።

፬. መዛግብተ ቃላቱ ምን አደረጉልን?

እንግሊዝኛን ከዐማርኛ ጋር ለማገናኘት የተደከመው ድካም ጥቂት አይደለም። ኢዘንበርግ የተባለው ሚሲዮናዊ መዝገበ ቃላቱን በሁለቱም አቅጣጫ በ1841 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ አሳተመ። አርምብሩስተር የእንግሊዝኛና ዐማርኛ መዝገቡን በ1910 እ.ኤ.አ. ካምብሪጅ ላይ አወጣ። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛውን ቃል ከነዐረፍተ ነገሩ የሚተረጕም መዝገብ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ የደከሙበት መዝገብ በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ወጣ። ከዐማርኛ ወገን ሲታይም የተሰማ ሀብተ ሚካኤል ከሣቴ ብርሃን በ1951 ዓ.ም.፥ የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም.፥ የቶማስ ሌይፐር ኬን ሁለት ጥራዝ በ1990 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል።

ከእነዚህ ውስጥ ለጥያቄያችን እጅግ የቀረበው የሌስላው ዘዴ ነው። ግሡን ራቁቱን አቁሞ ከመተርጐም ይልቅ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከተደራጊው ጋር ማሳየቱ ትክክለኛ መንገድ ነው፤ የዐማርኛን ጠባይ አውቆ የሠራ ሰው እንደ ሆነ ይመሰክርለታል። ነቀፌታችን ዘዴው በመንገድ መቆሙ ላይ ነው። መዝገቡ በዚህኛው ዐረፍተ ነገር ይህን ግሥ፥ በዚያኛው ያንን ግሥ ይሰጣል፤ ስለ ምን እንደ ተለያዩ ግን ምክንያቱን ለአንባቢ አይነግርም። ስለዚህ ተማሪው ያነበበውን ምሳሌ ይይዛል እንጂ ያላነበበውን መፍረድ አይችልም። ጀሪካን ከመዝገቡ ቢጠፋበት ግሡንም ያጣዋል፤ ፊደል ያልቆጠረች ውኃ ቀጂ ግን አላጣችውም። ከምሳሌዎቹ አጠገብ «ለደረቅና ለጽኑ ነገር»፥ «ለሚወጠር ነገር»፥ «ለተካበ ነገር» የሚል አንዳንድ መስመር ቢጨመር ኖሮ መጽሐፉ የምሳሌ ጎተራ ብቻ ሳይሆን መምህር በሆነ ነበር።

ከመዛግብቱ ይልቅ የከፋው በየደብተራችን የሚጻፈው ባለ ሁለት ዓምድ ዝርዝር ነው። በአንዱ ዓምድ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፥ በሌላው አንድ የዐማርኛ ቃል። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። የጋሸና ልጅ በኬሚስትሪ መጽሐፉ የሞለኪዩል ትስስር «ብሬክ» አደረገ የሚል ባነበበ ጊዜ በዝርዝሩ «ሰበረ» የሚለውን ያገኛል፤ በአሳቡም ደረቅ እንጨት ለሁለት ሲሆን ያያል። ትስስር ግን የተያያዘ ነገር ነው፤ «ተበጠሰ» ወይም «ተለያየ» ቢባል ሥዕሉ ወደ እውነቱ በቀረበለት። ልጁ ከቤቱ አሥር ግሥ ይዞ መጥቶ ሳለ፥ ዝርዝሩ ዘጠኙን አስጥሎት በአንዱ ያስገባዋል። ኋላም ቋንቋዬ ለሳይንስ አይበቃም ቢል አንፍረድበት፤ እንዲህ ብለን ያስተማርነው እኛ ነን።

፭. ሁለቱ «ሰበር»ዎች

«ሰበር» የሚለው ቃል ከውጭ አገር ግሥ ተተርጕሞ ሁለት ጊዜ ወደ ዐማርኛ ገብቷል፤ አንድ ጊዜ በፍርድ ቤት በር፥ አንድ ጊዜ በዜና ክፍል በር። ሁለቱን ማነጻጸር ከላይ የተናገርነውን ሕግ ይፈትነዋል።

የፍርድ ቤቱ «ሰበር» ሥሩ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ካሳሲዮን» የሚለው «ካሴ»፥ ማለት ሰበረ፥ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ80ኛው አንቀጽ፥ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ በሰበር የማየት ሥልጣን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰጥቷል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ደግሞ የሰበር ሰሚው ችሎት የሕግ ትርጕም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አደረገ። ይህ «ሰበር» ባዕድ ቢሆንም ተስማምቶ ተቀምጧል። ምክንያቱም ፍርድ በዐማርኛ የሚጸና ነገር ነው፤ «ፍርዱ ጸንቷል» እንላለን። የጸናና የመጨረሻ የሆነ ነገር ሊሰበር ይችላል፤ ምን እንደሚሰበርም ሰሚው ያውቃል። ያም ሆኖ ዳኞቹ ራሳቸው ውሳኔውን በሚለውጡበት ጊዜ «ተሽሯል» ይላሉ እንጂ «ተሰብሯል» አይሉም። የችሎቱ ስም የተዋሰ ሲሆን፥ ሥራው ግን ሰንበት በሚሻርበት በጥንቱ ግሥ ይሠራል።

የዜናው «ሰበር» ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ ዜና «ብሬክ» አደረገ ሲባል ማንም ምንንም አልሰበረም። ግሡ እዚህ ተደራጊ የለውም፤ ጎህ ሲቀድና ጦርነት ሲነሣ የሚነገረው ዓይነት ነው፤ ትርጕሙም ድንገት ወጣ፥ ተሰማ ማለት ነው። ዐማርኛ ለዚህ ግሥ አላጣም፤ ወሬ ይሰማል፥ ይወጣል፥ ያፈተልካል፤ ጉድ ይፈነዳል። «ሰበረ» ግን ቀደም ብለን እንዳልነው ተደራጊውን ሳይጠራ አይቆምም፤ ዜናም ደረቅና ጽኑ ነገር አይደለም። ስለዚህ «ሰበር ዜና» ሲባል ጆሮ «ምን ተሰበረ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስም የለውም። ደግሞም በዐማርኛ «ሰበር» የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም የማለስለስ ጠባይ አለው። ልጅቷ አንገቷን ሰበር አደረገች፥ ሰበር ሰካ እያለች ሄደች ይባላል። ለአስቸኳይ ወሬ የሽኮርሙን ቃል ማዋስ በእውነቱ የሚገርም ነው።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ባልጻፍነው ነበር። ላሊበላ በሐምሌ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ጋሸናንና ላሊበላን መልሶ እንደ ያዘ ተናገረ። በእነዚያ ወራት ይህች የመንገድ መገንጠያ ከተማ የጦር ግንባር ስም ሆና በየዜናው ትጠራ ነበር። ከላሊበላ ስንመለስ ጋሸና ላይ ሻይ ስንጠጣ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ክርክራችንን ሰምተው ስለዚህ ቃል እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፥ እኛ ያን ጊዜ ባትሪ ድንጋይ ባለው ራዲዮ ነበር የምንሰማ። ‹ሰበር› ባለ ቁጥር ደግሞ ምን ተሰበረ፥ ድልድዩ ነው፥ ምሽጉ ነው፥ ወይስ የሰው ልጅ ነው እያልን እስኪጨርስ እንጨነቅ ነበር። አንዳንዱ ቀን የተሰበረ ነገር የለም፤ ባለ ሥልጣን ስብሰባ ተቀምጦ ነው።»

እኛም ዝም አልን። አባባ የተናገሩት በዐማርኛ ሕግ ነው። ግሡን ሰምተው ተደራጊውን ጠበቁ። ልጁ ግንባር ላይ ያለ፥ ቤቱ በመድፍ መካከል የቀረ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል እንደ ፈሊጥ ሊሰማው አይችልም። ተርጓሚው በቢሮው ሆኖ አንድ ጥያቄ፥ «ምን ተሰበረ?» የሚለውን ቢጠይቅ ኖሮ፥ እርሳቸው በጨለማ ውስጥ ሆነው ባልጠየቁት ነበር።

፮. ማጠቃለያ

«ሰበር ዜና» በብዙዎች አፍ ገብቷልና በአንድ የተማሪ ጽሑፍ ይነቀላል ብለን አንመካም። ቋንቋ በልማድ የሚገዛ መሆኑን እናውቃለን፤ ከውጭ ቃል መዋስንም አንጠላም፤ ፍሬንን ያለ ምንም ቅሬታ እንነዳበታለንና። የምንለው ይህ ነው፤ ቃል ሲዋስ በሚገባበት ቤት የሚኖሩት ጎረቤቶቹ ይታወቁ። የፍርድ ቤቱ «ሰበር» ጎረቤቶቹን አውቆ ገባ፤ የዜናው ግን ሳያንኳኳ ገባ። «ትኩስ ዜና»፥ «አሁን የደረሰን ወሬ» የሚሉት ሳይሰበሩ ከደጅ ቆመዋል፤ የሚጠራቸው ቢገኝ ይመጣሉ።

ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፥ የእንግሊዝኛ ግሥ በደብተር ሲጻፍ ብቻውን አይጻፍ፤ ከተደራጊው ጋር ይጻፍ፤ «ብሬክ» ሳይሆን «ገመድ ብሬክ»፥ «ጾም ብሬክ»፥ «ቃል ብሬክ» ተብሎ፥ በአንጻሩ «በጠሰ»፥ «ፈታ»፥ «አጠፈ» ይግባ። ሁለተኛ፥ ወደፊት መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች ከምሳሌው ጋር ምክንያቱን አንድ መስመር ይጨምሩልን፤ ለዚህም ከወጌሻው፥ ከሸክላ ሠሪዋና ከገበሬው የሚበልጥ መምህር የለም። ሦስተኛ፥ ዐማርኛ አንድ የሚጠቀልል ግሥ ስለሌለው ድኻ ነው የሚለው አነጋገር ይቅር፤ እንዲሁም ብዙ ግሥ ስላለው ከእንግሊዝኛ ይበልጣል የሚለው ትምክሕት አብሮት ይቅር። አንዱ ቋንቋ ውጤቱን አይቶ ይሰይማል፤ ሌላው የተጎዳውን ነገር አይቶ ይሰይማል። የተርጓሚ ሥራ በሁለቱ መካከል መንገዱ ከሚገነጠልበት ስፍራ ላይ ቆሞ ማየት ነው።

ጓደኛችን ከላሊበላ ስንመለስ ጋሸና ላይ ያንኑ ረዳት አገኘው። ጭነቱ በአዲስ ገመድ ታስሮ ነበር። ሄደና «ያ የተበጠሰው ገመድ የት ደረሰ?» አለው። ረዳቱም «ቀጠልነው» ብሎ መለሰለት። የተሰበረ ይጠገናል፥ የተቀደደ ይጣፋል፥ የተበጠሰ ይቀጠላል። ለመፍረሱ ግሥ የለየ ቋንቋ ለመጠገኑም ለይቷል። ይህ ግን ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ጉዳይ ስለ ሆነ ለሚቀጥለው ጸሐፊ እንተወዋለን።